ባሌ ፖስተኛ ነው

ሰኞ፣ ሜይ 6

ዛሬ ሞዴል ሆንኩ። በወሩ መጨረሻ ገምጋሚዎች ስለሚመጡ ሆስፒታላችን የሰው ሁሉ ወዳጅ መሆኑን በድንገት አስታውሷል። የክፍላችን ኃላፊ ነርስ እትዬ ዩፋንግ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋሁ ሳለ አስቆመችኝና፣ ለፖስተር ፎቶ "እንዳንቺ ያለ ሰው" እንደሚፈለግ ነገረችኝ። እንዳንቺ ያለ ማለት ረጅም ማለት አይደለም። ጥሩ ነርስ ማለትም አይደለም። ከሩዪ ጋር ከተጋባን ሁለት ዓመታችን ነው፤ ፈርመን በወጣን ማግስት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ኬክ ያደልኩት እኔው ራሴ ነኝ። የአጥንት ክፍሉ ሠራተኛ፣ በሽተኛ፣ አስታማሚ፣ ሊፍት የሚጠግነው ሰውዬ ሳይቀር ሚስት ያለችኝ ነርስ መሆኔን ያውቃል።

ቀስተ ደመና ያለበት የደረት ጌጥ ሰኩልኝ። ፈገግ በይ አሉኝ፤ ፈገግ አልኩ። እትዬ ዩፋንግ በዚያው ትንፋሽ በጁን የሚከበረው የጀልባ ውድድር በዓል ተረኛ እኔ መሆኔን ነገረችኝ። ሌሎቹ ቤተሰብ አላቸው፣ አንቺ ግን ነፃ ነሽ አለች። ፖስተሩ ላይ ምን ሊጻፍ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን" ነው።

ረቡዕ፣ ሜይ 8

ዕረፍት ክፍል። አምስት ደቂቃ አለኝ።

አልጋ 12 አዲስ። ሴት፣ 74 ዓመት፣ ወጥ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። የልብ ሕመምም አለ። ስም ጓን ዩዌሻ።

የሩዪ እናት ናቸው።

ደወል።

ረቡዕ፣ ማታ

አሁን በሰው ወግ ልጻፈው።

መልካቸውን የማውቀው ከሩዪ መሳቢያ ውስጥ ካለች አንዲት ፎቶ ነው። እሳቸው የኔን አያውቁም። የጋብቻችንን ፎቶ ልከንላቸው ፖስታው፣ የሁለታችን ስም ከላይ እንደተጻፈበት፣ ሳይከፈት ተመልሷል። ልጃቸው ከኔ ጋር ከፈረመች ጀምሮ ድምፅዋን ሊሰሙ አልፈለጉም፤ ስልኩን አንስተው ሩዪ መሆኗን ሲያውቁ ቀስ ብለው ይዘጉታል። ቀስ ብለው መዝጋታቸውን ሩዪ እንደ ደግ ምልክት ትቆጥረዋለች።

የመግቢያ ቅጹን አየሁት። ልጆች፦ አንድ፣ ወንድ፣ ቬትናም ጫማ ፋብሪካ። "እዚህ መታከሜ ለማንም እንዳይነገር" የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርገዋል፤ እስክሪብቶውን ከመጫናቸው የተነሣ ሥር ያለው ወረቀት ላይ ሳይቀር ታትሟል። የማንጠይቀው ነገር ስለሌለ ጠየቅኳቸው። "ሌላ የሚደወልለት ሰው አለ እማማ?" የስም ባጄን ከላይ እስከ ታች፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ እንደ መድኃኒት መመሪያ አነበቡት። ከዚያ "የለም" አሉ።

ደንቡ ግልጽ ነው፦ ነርስ ዘመዷን አታስታምም፤ ለኃላፊዋ ትናገራለች፣ ትቀየራለች። ግን በእማማ ጓን ቆጠራ እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም። የአማቴ አቋም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ለእትዬ ዩፋንግ ያልነገርኳት ስለቸኮልኩ ነው። ነገ እነግራታለሁ።

ቤት ስገባ ሩዪ ዝናብ ልብሷን በረንዳ ላይ እያሰጣች ነበር። ዛሬ ማን ገባ አለችኝ። "አንዲት ዳሌ" አልኳት። ውሸት አይደለም።

አርብ፣ ሜይ 10

ትናንት አልነገርኩም። ሥራ በዛ። ዛሬም በዛ።

ወንድ ልጃቸው በስልክ አስታማሚ ቀጥሮላቸዋል፤ ዋርሲ ትባላለች፣ ኢንዶኔዥያዊት ናት፣ ከሁላችንም ይልቅ አጥንት ታውቃለች። ሁለታችን እማማ ጓንን ስናገላብጥ ድንገት ጠየቁኝ።

"ሲስተር፣ ባል አለሽ?"

ይህን ጥያቄ በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ምናልባት ሺህ ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ሺህ ጊዜም ሚስት አለችኝ ብያለሁ። ለሰከረ ብያለሁ፣ ለመነኩሴ ብያለሁ፣ ገላውን እያጠብኩት ለነበረ ጡረተኛ ኮሎኔልም ብያለሁ። ፖስተር ላይ ሊሰቅሉኝ ያሉትም በዚሁ ነው።

"አለኝ" አልኳቸው። "ባሌ ፖስተኛ ነው።"

ዋርሲ አንሶላውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። እሷ እውነቱን የገባች ዕለት ሰምታለች። አንሶላውን መልሳ ሳበች። ጀግናዋ ነርስ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ለሚስቷ ጢም አበቀለችላት።

እማማ ጓን ጥቂት አሰቡና፣ "ፖስተኛ ጧት ሳይበላ ነው የሚወጣው" አሉ። "ጨጓራ ይይዘዋል። ንገሪው።"

ሽማግሌ ሲባል ሁሉ ነገር ያሳስበዋል።

እሑድ፣ ሜይ 12፤ የእናቶች ቀን

ሩዪ በየዓመቱ ለዚህ ቀን ለእናቷ የአናናስ ኬክ ትልካለች። በየዓመቱ "ተቀባይ አልቀበልም ብሏል" የሚል ማኅተም ተመትቶበት ይመለሳል፤ ፖስተኛ ናትና ራሷ ተሸክማ ታመጣዋለች። መሥሪያ ቤታቸው ይህን ያህል ቀልድ ያውቃል።

ዛሬ ግን እየሮጠች ገባች። ያን ሰፈር የሚያዳርሰው ባልደረባዋ ደውሎላት ኖሯል። ዕቃው አልተመለሰም። በሩ ላይ ከአርብ ጀምሮ "ቤት አልተገኙም፣ ከፖስታ ቤት ይውሰዱ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እስከ አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል።

"አልቀበልም አላለችም" አለችኝ። "ቤት ስላልነበረች ብቻ ነው። ገባሽ? ቤት አልነበረችም!"

ወገቤን ይዛ ወጥ ቤቱን ሁለት ጊዜ አዞረችኝ። እኔም ዞርኩ። ደስ ብሎኛል አልኳት። እማማ ጓን የት እንደነበሩ ከሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ጧት የሽንት ከረጢታቸውን ባዶ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ነገ ለእትዬ ዩፋንግ እናገራለሁ። ወይም ለሩዪ። ለሁለቱም መናገር አይቻልም፤ አንዱ ያስባርራል፣ አንዱ ያስወቅሳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው ያልለየሁት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 14

ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። የስምምነት ቅጹን ራሳቸው ፈረሙ። ዶክተሩ የሚጠብቅ ዘመድ ካለ ብሎ ኮሪደሩን አየ። ኮሪደሩ ላይ እኔ ነበርኩ፣ ጋሪ ይዤ።

"ዘመድ የለም" አልኩት።

ደንብ ነው። በሥነ ምግባር ፈተና ብቀመጥ መቶ ከመቶ አገኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ሜይ 18

እማማ ጓን የሆስፒታሉን ምግብ አይነኩም። ሦስት ቀን ሆናቸው። ምሳዬን ሰጠኋቸው፤ ሩዪ የምታስይዘኝን የስኳር ድንች አጥሚት፣ ከጎኑ ኮምጣጤ የገባ ራዲሽ የተባለ ሥራሥር ያለበትን። ሐኪም የፈቀደላቸው ነው፣ ጥፋት የለበትም።

አንድ ማንኪያ ጎረሱና ቆዩ። ከዚያ ሳህኑን ጠርገው በሉት።

"ማን ነው የሠራው?"

"ባሌ።"

"ድሮም ጨው ያበዛል" አሉ።

ድሮም? ማደንዘዣው ገና ከራሳቸው አልወጣም።

ሩዪ ባዶ ሳህን ስላየች ደስ አላት። ሰሞኑን በደንብ እየበላሽልኝ ነው ብላ ለነገ እጥፍ አደረገችው። ከስቻለሁ፤ አላየችም።

ሰኞ፣ ሜይ 20

አልጋ 11 ላይ የተኙት ባልቴት ምራት አለቻቸው፤ በሳምንት ሁለቴ መጥታ አማቷን ሳይሆን እኛን ትቆጣጠራለች። ዛሬ በሩ ሥር ቆማ፣ ሹክሹክታ ነው ብላ በምታስበው ድምፅ፣ ለእትዬ ዩፋንግ አቤት ስትል ሰማኋት። ሰው በቤቱ የፈለገውን ይሁን፣ እኔ ኋላ ቀር አይደለሁም፣ ግን ሴት የምትወድ ሴት አማቴን ስታጥብ ቆሜ አላይም አለች። አማቷ ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አልቀሰቀሷቸውም እንጂ ቢሰሙ ይኮሩ ነበር።

የቀረውን የነገረችኝ ዋርሲ ናት፤ እኔ በዚያን ጊዜ ጋሪው ላይ ያሉትን ጠርሙሶች ሁለተኛ እየቆጠርኩ ነበር። እማማ ጓን መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ሴትዮዋን ጠሯት።

"እኔን ሁለት ሳምንት ሙሉ አጥባኛለች" አሏት። "ያየችው ነገር ቢኖር ሰዓቷን ነው።"

ከዚያ መጋረጃውን መልሰው ዘጉት።

ስለኔ ከማን እንደሰሙ እንጃ። ዋርሲ አልነገርኩም ብላ ምላለች። መቼም ከሰሙ ስለ "ባሌ" ይጠይቁኛል ብዬ ከሰዓት ሙሉ ፈራሁ። ጠየቁኝ።

"ያ ባልሽ ግራ ጉልበቱን አያመውም?"

"አልፎ አልፎ።"

"በዝናብ ሲነዳ ይሸፍነው። እንደ ልጅ አይደለም፣ አርባ ዓመት ሲቃረብ ነው የሚብሰው።"

ግራ መሆኑን የነገርኳቸው መቼ ነው? ብዙ እለፈልፋለሁ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 21

ተዘዋወርኩ። ለራስሽ ምቾት ነው አለችኝ እትዬ ዩፋንግ፤ ገምጋሚዎቹ እስኪሄዱ፣ የወንዶቹን ክፍሎች ያዢ። ነርስን ከአደጋ ለመጠበቅ ወንዶች ዘንድ ሲልኳት በታሪክ የመጀመሪያዋ ሳልሆን አልቀርም። እንደ ደረስኩ አልጋ 3 በቁልምጫ ጠራኝ፤ አልጋ 5 ጭኑን ራሱ ማከክ የማይችል ሆኖ ተገኘ።

ፖስተሩ ሊፍቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ጥርሴ ያምራል።

ማዘዋወሩ እውነቱን ለመናገር ምቹ ሰበብ ነበር። እንኳን ቀየራችሁኝ፣ ድሮም መናገር ነበረብኝ ብዬ ሁሉን መዘርገፍ እችል ነበር። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። ምሳዬን ግን ዋርሲ እየመጣች ትወስዳለች።

ቅዳሜ፣ ሜይ 25

አሥራ አምስቱ ቀን አለቀ። ኬኩ ተመለሰ።

ሩዪ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ዝናብ ልብሷን ሳታወልቅ ቆመች። ፖስታ ቤቱ ከቤቷ አራት ደቂቃ ነው አለችኝ። ወረቀቱን በየቀኑ እያየችው ትወጣለች፣ ትገባለች ማለት ነው አለችኝ። አልቀበልም ብላ ብትመልሰው ይሻል ነበር አለችኝ፤ ቢያንስ እጇ ይነካዋል።

ምናልባት አልተመቻቸውም ይሆናል አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ለሷ ጥብቅና መቆም ከመቼ ወዲህ ነው?"

አንዱን ኬክ ከፍታ በላችው። ሁለተኛውን በላችው። ሦስተኛውን እያለቀሰች ነበር፤ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ። እኔ ምን አደረግኩ? ሻይ አፈላሁ። ሙያዬ ሰው ማጽናናት ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ሳሎን ተሰቅሏል።

ሐሙስ፣ ሜይ 30

ገምጋሚዎቹ መጡ። ፖስተሩን አዩ። እኔን ሊያዩ ፈለጉ። ከወንዶቹ ክፍል ተጠርቼ እጄን ታጥቤ መጣሁ። እዚህ በነፃነት ትሠሪያለሽ ወይ አሉኝ። እትዬ ዩፋንግ ከኋላቸው ቆማለች።

አዎ አልኩ። በነፃነት እሠራለሁ።

ስመለስ በአልጋ 12 በኩል ዞርኩ። የተሰፋው ቁስል አመርቅዟል። ተረኛዋ ልጅ ፋሻውን አላልታ ነው ያሰረችው። እንደገና አሰርኩት፤ ሥራዬ አይደለም።

"ከስተሻል" አሉኝ እማማ ጓን። "ምሳሽን ማን ነው የሚበላብሽ?"

ሰኞ፣ ጁን 3

እማማ ጓን። ትኩሳት 39.4። ሳንባ ምች። ኦክስጅን እየወረደ።

ዶክተሩ ቬትናም ደወለ። ወንድ ልጃቸው የመሰላችሁን አድርጉ፣ እኔ እስከ አርብ አልንቀሳቀስም አለ። መተንፈሻ ቱቦ ቢያስፈልግ የሚወስን ዘመድ እፈልጋለሁ ይላል ዶክተሩ። ዘመድ፣ ዘመድ፣ ዘመድ።

አልጋ 5 ይጠራኛል። ይከክ ራሱ።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልዋሽ።

ጧት ፈረቃዬ ሳይጀምር ገባሁ። ጭምብሉ አፋቸው ላይ ነው፣ ዓይናቸው ግን ንቁ ነበር። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ነርስ አትቀመጥም፤ እኔ ተቀመጥኩ። "እማማ፣ አንድ የደበቅኩዎት ነገር አለ" ብዬ ጀመርኩ። ማታ ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ መግቢያ ነበረው፣ ይቅርታ ነበረው፣ አንድ ቦታ ላይ ድምፄ እንዲሰበርም አስቤ ነበር።

ጭምብሉን በእጃቸው ከፍ አደረጉት።

"ባልሽን አምጪው" አሉኝ።

"ባሌ ማለት..."

"ያቺን ፖስተኛ ነው የምልሽ። ጊዜ የለኝም።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን፣ ከባጄ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ስለ ቁርሱ፣ ስለ ጉልበቱ፣ ስለ ጨዉ ሲጠይቁኝ የከረሙት ስለማን እንደነበር ወደ አራት ሳምንት ሙሉ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ወይም ገብቶኝ ነበር። ይህን ደብተር መልሼ ሳነበው ገብቶኝ የነበረ ይመስላል፤ የጻፈችው ሴት ብቻ አላመነችም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን ስጽፍ አፍራለሁ። የመግቢያ ቅጹን አምጥቼ ያን ምልክት በራሳቸው እጅ እንዲሰርዙ አደረግኩ። ትንፋሽ ያጠራት ሴት እስክሪብቶ አስያዝኩ። ሰረዙት፤ ፈረሙበትም። እንዲህ ዓይነት ጠንቃቃ ነርስ የትም አይገኝም።

ከዚያ ሩዪ ጋ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፣ ሞተሩ ይሰማል። እናትሽ እኛ ጋ ናቸው፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ቶሎ ነይ አልኳት። ሞተሩ ጠፋ።

"መቼ ገባች?"

"ሜይ 8።"

ዝናቡ የራስ ቁሯን ሲደበድብ ይሰማኛል።

"ቤት አልነበረችም እያልኩ ስጨፍር" አለች ቀስ ብላ፣ "ቆመሽ አየሽኝ።"

አብሬሽ ጨፈርኩ አላልኳትም።

ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ደረሰች፤ የአንድ ሰፈር ሙሉ ደብዳቤ በሞተሯ ላይ እንደተጫነ። አጠገቤ ስታልፍ ትከሻዋ ነካኝ። ይቅርታ አላለችም፤ እንግዳ ሰው ብሆን ትል ነበር።

እኔ ውጪ ቀረሁ። ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ዋርሲ ናት። እናትየው የልጃቸውን እርጥብ እጅጌ ይዘው ጨመቁት፤ ውሃው አልጋው ላይ ተንጠባጠበ። "ዝናብ ልብሱን ለጌጥ ነው የገዛሽው?" አሏት። ሩዪ ሳቀች ወይስ አለቀሰች ብዬ ጠየቅኩ። ዋርሲ መለየት አልቻልኩም አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 6

ቱቦ አላስፈለጋቸውም። ትኩሳቱ ወረደ። ሩዪ ከአልጋው አልተነሣችም፤ ቤት የመጣችው ልብስ ልትቀይር ብቻ ነው።

ላስረዳት ሞከርኩ። ሕግ ነው አልኳት። በሽተኛ አትናገሪ ካለ ለባልም ለሚስትም አይነገርም፣ የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "ልክ ነሽ። ልክ መሆንሽ ነው የሚያናድደኝ። ብትሞትስ? ያኔም ልክ ትሆኚ ነበር።"

ደረቅ ሸሚዝ አቀበልኳት። ለብሳው ወጣች።

ሰኞ፣ ጁን 10፤ የጀልባ በዓል

ተረኛ፣ እንደተባለው። ከመስኮቱ የሚታይ ጀልባ የለም፤ መኪና ማቆሚያው ብቻ ነው፣ እሱም በዝናብ ሞልቷል።

ሩዪ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ከቤት ሠርታ አምጥታ ለእናቷ ስታጎርስ አየሁ። ወደ ሴቶቹ ክፍል ተመልሻለሁ፤ ገምጋሚ የለም፣ የሚጠብቀኝም የለም። የደም ግፊት ልለካላቸው ስገባ እማማ ጓን ክንዳቸውን ሰጥተውኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቁስሉን ልጠብ ስል ሌላዋ ልጅ ታጥበኝ አሉ። ለኔ አይደለም፣ ለዋርሲ ነው ያሉት።

አስቡት። ባል እያለኝ የፈለጉት እኔን ብቻ ነበር። ባሌ ልጃቸው መሆኗ በይፋ ሲታወቅ እጄ ቆሸሸ። እናትና ልጅ ታረቁ፤ ለሁለቱም የሚያኮርፉት አንድ ሰው ያስፈልግ ነበርና እኔ ተገኘሁ።

ሩዪ ቀና ብላ አላየችኝም። ከሩዙ አንድ ጥቅል የነርሶች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄዳለች። ስም አልተጻፈበትም። የአልጋ 11 ምራት አንስታ በላችው።

ሐሙስ፣ ጁን 13

እትዬ ዩፋንግ በር ዘግታ አነጋገረችኝ። ራሴ ነኝ የነገርኳት፣ ሁሉን፣ ከሜይ 8 ጀምሮ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ይገባኛል። ፖስተሩም ትናንት ወርዷል፤ ለማስጠንቀቂያው ሳይሆን ገምጋሚዎቹ ስለሄዱ።

"ዘመድሽ መሆናቸውን መናገር ነበረብሽ" አለችኝ።

"ሜይ 8 ቀን ነግሬሽ ቢሆን፣ ዘመድዎ ናት ወይ ብለሽ እሳቸውን ትጠይቂ ነበር። እሳቸውስ ምን ይሉሽ ነበር?"

የጁላይን የተረኞች ሰሌዳ ሳበችና ከሁለት እሑዶች ላይ ስሜን ሰረዘች። እትዬ ዩፋንግ በአፏ ብቻ ነው የምትከፋው።

ቅዳሜ፣ ጁን 15

እማማ ጓን ከሆስፒታል ወጡ። ሩዪ ከፖስታ ቤት ፈቃድ ወስዳ አብራቸው ሄደች። ሁለት ሸሚዝ፣ የሩዝ ድስቱን፣ የጥርስ ብሩሿን ወሰደች። የጥርስ ብሩሽ ለጊዜው ነው፤ የሩዝ ድስት ግን ለጊዜው አይመስልም።

የመድኃኒቱን አወሳሰድ ማስረዳት የኔ ተራ ነበር። አስረዳኋቸው፤ ሁለቱም ወረቀቱን እያዩ ሰሙኝ። ሊፍቱ ሲዘጋ ዋርሲ ብቻ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ሰኞ፣ ጁን 17

ምሳ የሚያስይዘኝ የለም። የቱርክ ዶሮ ሥጋ በሩዝ ገዛሁ። ጨው የለውም።

ረቡዕ፣ ጁን 19

አልደወለችም።

እኔም አልደወልኩም። ምን ልበል? ምስጢር መጠበቅ እችላለሁ?

እሑድ፣ ጁን 23

ጧት ቁልፍ በሩ ላይ ሲዞር ሰማሁ። ልብሷን ልትወስድ ነው ብዬ ሻንጣዋን ራሴ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩላት። ለመርዳት ነበር። ሻንጣውን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነሽ አለችና ቁጭ አለች።

ያለውን ሁሉ በላች። ከዚያ እናቷ ምን እንዳሉ ነገረችኝ፤ ጠረጴዛውን እያየች፣ ደብዳቤ እንደምታነብ።

የወደቁ ዕለት አምቡላንሱ ከቤታቸው አምስት ደቂቃ ወዳለ ሆስፒታል ሊወስዳቸው ነበር። እምቢ አሉ። አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተዘርግተው፣ ከሁለት ጎልማሶች ጋር ተከራከሩ። ከተማው ውስጥ ያለው ካልሆነ፣ ሰባተኛ ፎቅ ካልሆነ አልነሣም አሉ። ጎረቤታቸው አምና እኛ ጋ ተኝታ ስለነበር ስለ አንዲት ረጅም፣ ሚስት ስላላት ነርስ፣ ስሟን ጭምር፣ አውርታላቸዋለች።

"ታዲያ ለማንም አይነገር ያሉት ለምንድን ነው?"

"ጠይቄያታለሁ። በሁለተኛው ቀን ሚስትሽ ትነግርሻለች ብዬ ነበር አለችኝ። ሚስት ከሆነች ልትደብቅ አትችልም፣ ትነግራለች ብላ። ከዚያ ሦስተኛ ቀን ሆነ፣ አሥረኛ ቀን ሆነ። አንቺ ዝም። እሷ ደግሞ አንዴ ምልክት አድርጋለች፤ እኔ ነኝ ወይ የምለምናት አለች። በኋላ ስትናደድብሽ የከረመችው ለዚህ ነው።"

"በመጠበቄ?"

"በመጠበቅሽ።"

ወንበሩ ላይ ተደገፍኩ። ምስጢር እንዳላወጣ ስፈራ፣ ያልወጣው ምስጢር ነው የተቆጠረብኝ። ሕጉ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ግን ወዲያ ማዶ ሆነው ሕጉን ጥሼ እንድመጣ ይጠብቁኝ ኖረዋል።

"አንቺስ?" አልኳት። "አሁንም ተቀይመሽኛል?"

"አዎ።" ሳህኗን አነሣች። "ገና ብዙ ጊዜ እቀየማለሁ። ፋሻ አለሽ?"

"የምን ፋሻ?"

"ቁስሏን እኔ ነኝ የማስረው። ትሰድበኛለች። ልብስሽን ልበሺ።"

በሞተሩ ስንሄድ ዝናብ ልብሷን በግራ ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ አስራ ነበር። እኔ ከኋላዋ፣ ጀርባዋን ይዤ፣ በሩ ሲከፈት ምን ብዬ እንደምጠራቸው ሳወጣ ሳወርድ ነበር። እማማ ለበሽተኛ ነው። አማቴ አፌ ላይ አይመጣም። እማዬ ብል ወደ ግድግዳ ይዞራሉ።

ማሰቤ በከንቱ ነበር። በምርኩዝ ቆመው በሩን ራሳቸው ከፈቱት፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ልክ ባጄን እንዳነበቡት ዕለት።

"ዘገየሽ" አሉኝ።

ጓንቴን አጥልቄ ፋሻውን ፈታሁት። ሩዪ እውነትም ቁስል ማሰር አትችልም።